የሁለተኛው ቁርስ ጥያቄ

ለልጄ ለዶብራቫ፣

የቼንስቶሆቫዋ እመቤታችን ማርያም ካለሽበት ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ተሽሎታል፤ የጓሮው የፕለም ዛፍም ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል። በአንቺ ግን በጣም ተናድጃለሁ።

ደብሊን ተቀምጠሽ ለአገርሽ ሕፃናት ያወጣሽውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሰኞ ዕለት እዚህ ትምህርት ቤታችን እኔ ነበርኩ የተቆጣጠርኩት። ዘጠነኛው ሥዕል ላይ አንዲት ልጅ እኩለ ቀን ላይ ክፍል ውስጥ የቺዝ ዳቦ ትበላለች። ምን እየበላች ነው? ሃያ አራቱም ልጆች በእንግሊዝኛ «ሁለተኛ ቁርስ» ብለው ጻፉ። የአንቺ መልስ «ምሳ» ስለሆነ በዚያ ጥያቄ ሁሉም ዜሮ አገኙ። የጎረቤታችን ልጅ ያግና ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደላትና የደካሞቹ ቡድን ውስጥ አስገቧት።

«ቲቸር፣ ሾርባ የሌለው ምሳ አለ እንዴ?» አለችኝ እያለቀሰች። «የለም» አልኳት። ጥያቄውን ያወጣችው ልጄ ናት ለማለት ግን አፈርኩ።

እንደ አገራችን ልማድ ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ቁርስ እንድትበዪው ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ዳቦ ጠቅልዬ ቦርሳሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ አይደለሁም? ቤት ስትመለሺስ ምሳሽን በሾርባ አልበላሽም? ማንን ደስ ይበለው ብለሽ ረሳሽው?

እባክሽ ልጄ፣ መልሱን አስተካክይና ነጥባቸውን መልሺላቸው። ሰበብ ጽፈሽ ከላክሽልኝ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።

እግዚአብሔር ጤናና ልቦና ይስጥሽ።

እናትሽ ሉድሚዋ