ያላለቀው የአንገት ጥልፍ

ለልጄ ልጅ ለዘይኑልአቢዲን፤ አሰላሙ አለይኩም።

ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄድክ ወዲህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደሴ ላይ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ለደብዳቤዎቼ መልስ አልላክህም፤ ለነገሩ ድሮም ለመጻፍ ሰነፍ ነህ።

የሠርግ ጀለቢያህን አንገት በስፌት መኪናዬ እየጠለፍኩት ነው። ከሥሩ ወረቀት አንጥፌ ክሩን ጥቅጥቅ አድርጌ ስሰፋው የጥልፉ ቅጠል እንደ ሐር ያበራል። እጮኛህ ከሪማ በየሰኞ ገበያው ከኮምቦልቻ ትመጣለች። "ጥልፉን ልይ ብዬ ነው፣ አባባ" ትላለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ "እስካሁን አላለቀም እንዴ?" አለችኝ።

"እርጅና ነው ልጄ፣ እግሬ መርገጫው ላይ ሰነፈብኝ" አልኳት።

ውሸቴን ነው። አልቆ ነበር፤ ሳትመጣ ቶሎ ብዬ ሁለት ቅጠል ፈታሁ። አያትህ ረሂማ አየችኝና፣ "ምነው ሰውዬ፣ አበድክ?" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና የተፈታውን ክር ትለቅምልኝ ጀመር።

ምን ላድርግ፣ ያለቀ ልብስ ባለቤቴ የታለ ብሎ ይጠይቃል። አሁንማ ሰበብ አለኝ፤ ያን የግመል አንገትህን ሳልለካ የቀረውን አልሰፋም። ይዘኸው ና።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
አያትህ በሺር፣ ከነመኪናው