ሰርተፊኬት ሆኖ ስለቀረው የትራንስፎርመር ወረቀት

ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ
የትራንስፎርመር ጥገና ክፍል ኃላፊ፣ ወልዲያ

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወንበርዎንም እንዲሁ፣ ያለ እሱ ቆመው መዋልዎ ነበርና። እኔ ወልዲያ ኬሚስትሪ የማስተምር የግራና ልጅ ነኝ። የግራና የውሃ ፓምፕ ከቆመ አርባ ቀን ስለሞላው፣ የሚከተለውን አቤቱታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ትራንስፎርመር በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል። ውስጡ ያለውን የመዳብ ሽቦ የሚጠቀልለው ወረቀት በሙቀት ደርቆ ይፈረካከሳል፤ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፤ አበቃ። እርስዎ ግን ሽማግሌዎቻችን ዱዓ እንዲያደርጉ መከሩን። ዱዓውን አድርሰናል፤ ወረቀቱን መቀየር የእርስዎ ሥራ ነበር።

2ኛ. ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ዓመት ደክመን፣ የወረቀት ቃጫ ከፖሊመር ጋር አዋህደን፣ ሙቀት የሚችል ወረቀት ሠራን። ለግራናው ትራንስፎርመር እንዲሆን አርባ ሉክ አስረከብኩዎ፤ ፈርመው ተቀበሉ። ወዲያው የፈጠራ ቀን የሚሉት በዓልዎ ደረሰ፤ ጠንካራ ነጭ ወረቀት ጠፋ ተባለና በአርባውም ላይ የምስጋና ሰርተፊኬት ታተመ። አንዱን ለእኔው፣ ለዚያው ለፈጠራዬ፣ በጭብጨባ ሸለሙኝ። አጃኢብ ነው! የገዛ በሬዬን አርደው ጋበዙኝ፤ እኔም እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ።

3ኛ. ትራንስፎርመሩ ሽቦው በዚያው በድሮው ዓይነት ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ፤ ዘጠኝ ቀን ሠርቶ ተቃጠለ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ፣ ወይዘሮ ቶይባ፣ ጄሪካን አዝለው ወንዝ መውረድ ጀመሩ፤ ባለፈው ሳምንት ዳገቱ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ሰርተፊኬቱን ባሳያቸው «ውሃ ይቀዳበታል ወይ?» አሉኝ። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ። ተናድጃለሁ፤ ይህንንም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ስለ ጭብጨባው ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የተጠማ ሰው እጁ ባዶ ነውና ማጨብጨብ አይቸግረውም።

ውሃ ቢጎድልባትም አክብሮት ያልጎደለባት፣
የሰርተፊኬት ቁጥር 17 ባለቤት፣
ናጅዋ ኑርሁሴን፣ ከግራና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰርተፊኬቴን ቤተ ሙከራ ወስጄ ሦስት ቀን ልክ እንደ ትራንስፎርመሩ ዘይት በጋለ ዘይት ውስጥ አቆየሁት። ወረቀቱ ምንም አልሆነም፤ የለቀቀው ፊርማዎ ብቻ ነው። ይህን የሰሙ ተሸላሚዎች የየራሳቸውን መልሰውልን፣ ከእኔው ጋር ሠላሳ ዘጠኝ ሞልቷል። ለሽቦው መጠቅለያ የጎደለው ለራስዎ ሸልመው ከወንበርዎ በላይ የሰቀሉት ነው፤ ግራና ውሃ እስክትጠጣ ያውሱን።