ከሸሚዙ ጋር የተሰፋው እጅጌዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሌሊት በላብ አጥምቆ የሚቀሰቅስሽ ነገርስ ለቀቀሽ? የአባቴ ሳል፣ የታናሽ ወንድሜ ጥርስ እንዴት ሆነ? እኔ እጄም ዓይኔም ደህና ነው፤ የጎደላችሁብኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።

አክስቴ ደውላ ልጅሽ ሥራ ላይ እየተኛች አዋረደችኝ ማለቷን፣ አንቺም ወሩ ሲያልቅ አጎቴ መጥቶ እንዲወስደኝ መወሰንሽን ሰምቻለሁ። አልዋሽሽም፣ ተኝቻለሁ። ከምሳ በኋላ ዓይኔ ሲከደን አይታወቀኝም ነበር። አንድ ቀን ስባንን የራሴን እጅጌ ከደንበኛ ሸሚዝ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ብድግ ስል ሸሚዙም አብሮኝ ብድግ አለ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲህ ስሜ “አልጋ” ሆነ፤ ጠዋት ስገባ “አልጋ መጣች፣ ትራስ አቀብሏት!” ይላሉ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ግን አልሳቁም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከልሽ ማሽኑን ለሌላ እሰጣለሁ አሉኝ።

እንቅልፌን ላባርር ብዬ ከሰዓት በኋላ አምስት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ፣ ስኳር አብዝቼ፣ እጠጣ ነበር። ማታ ዓይኔ ይፈጥጣል፤ በማግስቱ ሻዩን እጨምራለሁ። ለካ መድኃኒት ያልኩት ራሱ ነው በሽታዬ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰው ፊት አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። የወር አበባዬ ሲቃረብ ጭራሽ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ መናገር አቃተኝና የልብስ ልክ ከምንስልበት ወረቀት ቆርጬ ጽፌ ለነርሷ ሰጠኋት። አንብባ “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምን ያሳፍራል? እኔስ ሴት አይደለሁ?” አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ሆርሞን ስለሚለዋወጥ እንቅልፍ ዘግይቶ ይመጣል፣ የወር አበባ ሲቃረብም ይረበሻል አለች። ሻዩ፣ የምሽቱ ከባድ እራትና የስልኩ ብርሃን ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። ሰነፍ አይደለሽም ስትለኝ እንባዬ መጣ።

አሁን ከቀትር በኋላ ሻይ አልቀምስም። እራቴን በጊዜ፣ ቀለል አድርጌ እበላለሁ። ስልኬን ለአክስቴ አስረክባለሁ፤ እሷ ግን ስትጎረጉረው ታመሻለች። ጠዋት ታክሲውን ትቼ ፀሐይ እየሞቅኩ በእግሬ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ፈለጠኝ፤ አንድ ሐሙስም ድጋሚ አንቀላፋሁ። ግን አልተውኩትም። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ቀን ላይ ዓይኔን አልከደንኩም። ትናንት ባለቤትየው ኮሌታ እንድሰፋ ሰጡኝ። ኮሌታ የሚሰጠው ዓይኗ ለሚታመን ሴት ነው።

እማዬ፣ ያንቺንም ነገር ለነርሷ ነገርኳት፤ ያለ ወረቀት፣ በአፌ። በአንቺ ዕድሜ ሆርሞን ሲቀንስ ሙቀትና ላብ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ብዙ ሴት ላይ አለ፣ መላም አለው፣ ትታይ ብላለች። ስለዚህ የማልተኛው ልጄን እያሰብኩ ነው ብለሽ አታስመልሺኝ። ሄደሽ ታዪ።

እኔ አልመለስም። እንዲህ ብዬሽ አላውቅም። አጎቴ ከመጣም ከምሳ በኋላ ይምጣና በስፌት ቤቱ መስኮት ቆሞ ይየኝ። ተኝቼ ካገኘኝ ዕቃዬን ይሸከም፤ ካልተኛሁ የሰፋሁትን ኮሌታ አይቶ ብቻውን ይመለስ።

የአባቴንና የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድሜን ጥርስ ባይኖረውም ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎቴንም፣ ባልታዘዘውም፣ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ፣ አልጋ ያልሆነችው

ከአክስቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ጠዋት፣ ግንቦት 21 ቀን