ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ቀይ ጨርቅ

ለልጄ ለጂሱክ፣

አገር ቤት ቡሳን እንዴት ነው? ሰውነትህስ ደህና ነው? እኔ እዚህ ሻንዶንግ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

የወንድምህ የዱሆ መርዶ የደረሰኝ ጥቅል ጎመን በጨው ሳሽ ነው። የጫማ ፋብሪካችን ዘበኛ ሊዩ መጥቶ፣ «እማማ፣ በሩ ላይ ወደቀ፤ ልቡ ቆመ» አለኝ። የወረዳው ሹም ፋብሪካውን ለአራተኛ ጊዜ ያሸገ ዕለት ነበር። ጥፋታችን የሹሙን የእህት ልጅ ሸሪክ አናደርግም ማለታችን ብቻ ነው።

ቻይኖች ሹም ሲያመሰግኑ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ እንደሚሰጡ ታውቃለህ። ዱሆም፣ «ያለ ጥፋት ሦስት ጊዜ ስላሸጋችሁብን እናመሰግናለን» ብሎ አስጽፎ በሕዝብ ፊት ለሹሙ ሰጠው። ሰዉ ሳቀ። ሹሙም በማግስቱ መጥቶ ለአራተኛ ጊዜ አሸገው።

ያ ሹም አላፈረም፤ ለቀብሩ ስሙን የጻፈበት የአበባ ጉንጉን ላከ። ጉንጉኑን ያመጣውን ሾፌሩን፣ «መልስለት። ማሸግ ስለሚወድ የራሱ በር ላይ ይለጥፈው» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ ተላላኪ ነኝ።»

«እንግዲያው ተላላክ።»

ትናንት የዱሆን ጨርቅ የጻፈው ሰው፣ «ታናሽ ወንድሙ በስልክ ያዘዘው ደርሷል» ብሎ አዲስ ቀይ ጨርቅ አመጣልኝ። አላነበብኩትም። ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ዘንድሮ የዚህ አገር ብርድ አይቻልም፤ የቡሳን አየር ይሻልሃል።

ይህን ደብዳቤ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንብብላቸው። የምትሰሙት ሁሉ፣ ለዱሆ ነፍስ ጸልዩልኝ። አንተም ልጄ፣ እዚያው ሆነህ አብረሃቸው ተንበርከክ።

እናትህ