በሁለት ጣት

የልጄ አባት፣

ሥራ ሄጃለሁ። ልጁ ጠብቶ ተኝቷል። የታለበው የጡቴ ወተት ፍሪጅ ውስጥ አለልህ።

ትናንት ያቆሸሸውን ሽንት ጨርቅ በሁለት ጣትህ አንጠልጥለህ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ስትጥለው በመስኮት አይቼሃለሁ።
አውጥቼ ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፌልሃለሁ። ካካውን ሽንት ቤት አራግፍና በሙቅ ውሃ እሸው።
ጓንት አትፈልግ፣ ደብቄዋለሁ።

አንተ እኮ ልኳንዳ ቤት ቀኑን ሙሉ የበሬ አንጀት በባዶ እጅህ ስትገለብጥ ነው የምትውለው። እሱ የማይቀፍህ የሚሸጥ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

እኔንም መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሰኝ ነበር፣ በር እየዘጋሁ። ሳልነግርህ መቅረቴ ጥፋቴ ነው።

ለማንኛውም፣ አርጅተህ አልጋ ላይ ስትውል የማገላብጥህ እኔ ነኝ።
ሁለት ጣቶቼን ከአሁኑ እያለማመድኳቸው ነው።