ስም የታደለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሜይ 6፣ 1850

ዓሣ ሻጯ ማካሪያ የምታወራው ስህተት ነው። ከእህቴ ከኤውላሊያ ጋር በአንድ ስም ላለመጠራት ብዬ አዲስ የቤተሰብ ስም አልለመንኩም። ማንም አልለመነም። ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ከዝርዝር እንዲመርጥ የስፔኑ ገዥ ከማኒላ አዘዘ፤ ግብር ሰብሳቢዎቹ ሰው ከሰው እየተምታታባቸው ተቸግረዋል። ለኛ ከተማ በጂ ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ያሉበት ገጽ ደረሰ። ኤውላሊያ ለምትኖርበት ለወንዙ ማዶ፣ የኤል ገጽ። እስከ እሁድ ላልመረጠ ጸሐፊው ይመርጥለታል።

ከእህቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አለመነጋገራችን ግን እውነት ነው። እሱን በትክክል አውርታለች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ከሹሙ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ሲልቬሪዮ ገጹን በመቀስ እየቆረጠ ያድላል። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ... አያስታውቅበትም። ማካሪያ የመረጠችውን ስም ቁራጭ ይዛ ስትወጣ አገኘኋት።

"ስሙ ሲጠሩት ደስ ይላል፣ እማማ።"

በስፔንኛ የዶሮ ቤት ማለት እንደሆነ ነገርኳት። አላመሰገነችኝም።

"የአባቴ ስም ካባንሳግ ነው። አልቀይርም" አልኩት ሲልቬሪዮን።

"አራት ትውልድ የቆየ ስም ይፈቀዳል፣ እማማ ፔትሮና። የጥምቀት መዝገብ አለ?"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጠለ። አመዱን የጠረግህ አንተ ነህ።"

"እንግዲያው ከቤተሰቡ ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ይምላሉ። አንዷ እርስዎ። ሌላስ?"

በሕይወት ያለችው ኤውላሊያ ብቻ ናት። ያውቃል። ብዕሩን ሲመረምር ቆየ።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

አልሄድም።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ያጣላን ነገር እንዲህ ነበር። በእናታችን ተዝካር መቁጠሪያ የምታስደግመው ኤውላሊያ ነበረች። ሦስተኛው ዙር ላይ አሥር ጊዜ የሚባለውን ሰላም ለኪ ዘጠኝ ብላ አለፈች። "ዘጠኝ ነው" አልኩ። "አሥር ነው" አለች። ዘጠኝ ነበር። መነኮሳቱ ዘንድ ስንማር ጸሎት የዘለለች ልጅ ለቅጣት ባቄላ ላይ ትንበረከክ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልተንበረከክኩም። ኤውላሊያ... በየዓርቡ።

በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ? ዘጠኝ ነበር እኮ።

ዓርብ፣ ሜይ 10

ማካሪያ በሁለቱም ዳር ስለምትሸጥ በሷ መልእክት ላክሁ። ማታ መልሱን አመጣች።

"'እትዬ ከፈለገችኝ እግር አላት፤ ትሻገር' ብላለች።"

ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር። ስለ ዶሮ ቤቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

ተሻገርኩ። አርጅታለች። ስለ ስሙ የነገርኳትን ጨርሳ ሰማች።

"መጀመሪያ እንጸልይ" አለች። "የማስደግመው እኔ ነኝ።"

ሦስተኛው ላይ... ዘጠኝ። እንዳርማት ጠበቀችኝ። አሜን አልኩ። አለፍን።

ስንጨርስ፣ "ሦስተኛው ስንት ነበር፣ እትዬ?"

"አልቆጠርኩም።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻሿን አሰረች። "በይ ተነሺ፣ ሲልቬሪዮ ቢሮውን ሳይዘጋ።"

ማልን። ካባንሳግ ሆነን ቀረን። ለማዶው ሹምም ግልባጭ ጻፈልን፤ ሁለት ቦታ ላይ አረምኩት። ወንዙ ስለሞላ ኤውላሊያ እዚሁ ታድራለች። ታንኮራፋለች።

ነገ፦ ከቅዳሴ በፊት ኑዛዜ፤ "አልቆጠርኩም" ብዬ ዋሽቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ ሩዝ፣ ለሁለት ሰው። ከሁሉ በፊት ግን፣ እሷ ሳትነቃ፣ የጎደሉትን ሁለት ሰላም ለኪ ማድረስ። አንዱ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አንዱ የዛሬው። ድምፅ ሳላሰማ።