ጭጭ ያሰኙት ብሬከር

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ወገብዎስ ተሻለዎት? እማዬስ፣ እህቴስ፣ ታናሽ ወንድሜስ፣ አዲሱ እንግዳችንስ እንዴት ከረሙ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ሥራውንም ለምጄዋለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤዎን እየሳቅሁ ሳነብ ቆይቼ አንዲት መስመር ላይ ስደርስ ሳቄ ቀጥ አለ። በእንጨት ሥራ ቤትዎ የኤሌክትሪክ መጋዙና መላጊያው አንድ ላይ ሲነሡ እየወረደ፣ ኃይሉን እያቋረጠ ሥራ ሲያስፈታዎት የነበረውን ብሬከር አውጥተው፣ በቦታው ወፍራም ሽቦ አገናኝተው «ጭጭ አሰኘሁት» ብለው ጽፈዋል። የመጋዙ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፈው እህቴ ከአራስ ልጇ ጋር በምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ወዲያው ብዕሬን አነሣሁ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ቢሆንም እስቲ ያየሁትን ልንገርዎ። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር እንደምሠራ ጽፌልዎታለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ስለማስቸግራቸው አለቃችን «እመት ለምን» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ሰሞኑን አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተናል ብሎ ጠራን። ብንለካ ብንለካ የትኛውም ኬብል ለብቻው ከሚችለው በላይ አልተሸከመም። ታዲያ ምኑ ነው የሚሸተው? ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ።

ኃይሉን አጥፍተን የግድግዳውን ክዳን ስንከፍት ኬብሎቹ እንደ ማገዶ እስር ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። ያሰራቸው ሰው መቼም ሥራው ያማረ ነው፤ አንዲት ዝንፍ ያለች የለችም። የዳር ዳሮቹ ደህና ናቸው፤ የመካከለኛው ግን ልባሱ ጠቁሮ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ለካ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ኬብል ሁሉ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካገኘ ግድ የለም። የመካከለኛው ግን የራሱ ሳያንሰው የጎረቤቶቹንም ይቀበላል። ልጆች ሳለን ሦስታችን በአንድ አልጋ ስንተኛ መካከል ላይ ሆኜ በላብ የምጠመቀው እኔ አልነበርኩም? አራርቀን እንደገና ዘረጋናቸው። የእርስዎ ገመድማ ግማሹ በግድግዳ ታፍኖ፣ ግማሹ ሰጋቱራ ለብሶ ነው የሚውለው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ብሬከር ሙቀቱን በምን ያውቃል የሚል ሐሳብ ያዘኝ። አንድ የተጣለ አሮጌ ለምኜ ፈታሁት። ውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ቁራጭ አለ፤ ወደ ገመዱ የሚሄደው ኃይል በእሱ በኩል ያልፋል። ሲሞቅ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቁራጩ ይጎብጥና ማገጃውን ገፍቶ ኃይሉን ያቋርጣል። በሻማ አሞቅሁት፤ ዓይኔ እያየ ጎበጠ፤ ሲበርድ ቀና አለ። እንደ ሕፃን ደጋግሜ ስሞክረው ዋልኩ። ወርዶ አልነሣ ሲልዎ «እልኸኛ» እያሉ የሚሰድቡት፣ ለካ እስኪበርድ እየጠበቀ ኖሯል። ወፍራሙ ሽቦ ግን አይጎብጥም። ገመዱ ቢግልም ቢቀልጥም እሱ ዝም ነው።

እውነቱን ልንገርዎ አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ብሬከሩን በባለሙያ ያስመልሱ። በትልቅ ልለውጠው እንዳይሉም፤ ገመዱ ያው የድሮው ነው። ወፍራም ገመድ እስኪዘረጋ ድረስ መጋዙና መላጊያው በየተራ ይሥሩ። ደንበኛ ካጉረመረመ «ልጄ ናት ያዘገየችን» ይበሉትና በእኔ ያላክኩ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴን እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜን የጫማውን ቁጥር ሳይሆን የትምህርቱን ውጤት ይጻፍልኝ ይበሉት፤ ጫማውን እንደሆነ እልክለታለሁ። ጎረቤታችን ቀለም ቀቢውንም ሰላም ይበሉልኝ። አይቼው የማላውቀውን ሕፃን ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ አልጋውንም ከዚያ ግድግዳ ያርቁልኝ። ልጅ መከረኝ ብለው ከተቆጡ ቁጣዎን እስክመጣ ያቆዩልኝ፤ ሽቦውን ግን ዛሬውኑ ያውጡት።

አክባሪ ልጅዎ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፪ ቀን